ዘጋቢ ፊልም ምስክር ነው፤ ዳኛ ግን አይደለም

ባለፈው ቅዳሜ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ድረስ አንድ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጬ ዋልኩ። ስብሰባ ተጠርቼ አይደለም። የቀድሞ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ የመግቢያ ካርድ ልኮልኝ፣ በከተማችን ከተካሄደ የዘጋቢ ፊልሞች ፌስቲቫል አንዱን ቀን ልመለከት ነው የሄድኩት። ባለቤቴ “ቅዳሜን የሚያህል ቀን ጨለማ ውስጥ ልትውል ነው?” ብላኝ ነበር። እውነቷን ነው። ነገር ግን ከዚያ ጨለማ ይዤው የወጣሁት ጉዳይ ሳምንቱን ሙሉ ሲከነክነኝ ስለሰነበተ ለእናንተ ለማካፈል ወደድኩ።

አስቀድሜ ልናገር፤ የፊልም ሐያሲ አይደለሁም። ስለ ካሜራ አያያዝና ስለ ብርሃን አጠቃቀም ብጠየቅ መልስ የለኝም። የተማርኩት ሕግ ነው፤ የሥራ ዘመኔንም አብዛኛውን ያሳለፍኩት ችሎት ፊት በመቆም ነው። ስለዚህ ፊልሞቹን ያየሁት ምስክር ሲሰማ በለመደ ጆሮ ነው። ምስክሩ ምን አየ? ከየት ሆኖ አየ? ማን አመጣው? የተናገረው ሁሉ ተሰማ ወይስ ከፊሉ ተቆረጠ? የሚሉ ጥያቄዎች ከአእምሮዬ አልወጡም።

የዕለቱ መርሐ ግብር ስለ ኢትዮጵያ በተለያየ ዘመን የተሠሩ ሦስት ፊልሞችን የያዘ ነበር። ረፋድ ላይ የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ “ያልታወቀው ረሃብ”፣ ከምሳ በኋላ የወንድማማቾቹ የኒክና የማርክ ፍራንሲስ “ጥቁር ወርቅ”፣ ማምሻውን ደግሞ የትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ካናዳዊት የታማራ ማርያም ዳዊት “ሳሊን ፍለጋ”። ጠዋት ሠላሳ የማንሞላ ሰዎች ነበርን። ማታ ላይ ግን ወጣቱ ደረጃው ላይ ሳይቀር ተቀምጦ ነበር።

አንድ ፊልም፣ ሁለት ምስክርነት

“ያልታወቀው ረሃብ” ግማሽ ሰዓት ገደማ የሚፈጅ አጭር ሥራ ነው። በብሪታንያ ቴሌቪዥን የታየው በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ሲሆን፣ በወሎ በብዙ ሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ በረሃብ እያለቀ መሆኑን ለዓለም ያሳየ ፊልም ነው። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ችግሩን ሲሸፋፍን ከርሞ ነበርና የፊልሙ ምስክርነት ከባድ ነበር። የብሪታንያ ሕዝብ ደንግጦ እጁን ዘረጋ፤ እርዳታም ተሰበሰበ። እስከዚህ ድረስ ምስክሩ የምስክርነት ሥራውን ሠራ።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት ይኸው ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። የታየው ግን ዲምብልቢ እንደሠራው አልነበረም። ደርግ በረሃብተኞቹ ምስሎች መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣና የድግስ ምስሎችን አስገብቶበት ነበር። አጥንቱ የገጠጠ ሕፃን ይታያል፤ ቀጥሎ የተንበሸበሸ ማዕድ ይመጣል። ንጉሠ ነገሥቱም የዚያን ምሽት ቴሌቪዥን እንዲመለከቱ ተነግሯቸው እንደነበር በተደጋጋሚ ተጽፏል። በማግስቱ፣ መስከረም 2፣ ከዙፋናቸው ወረዱ።

እኔ ያን ጊዜ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቴሌቪዥን በሰፈራችን አንድ ቤት ብቻ ነበር። ቀን አበባዮሽ ሲባል ውሎ ማታ ሰፈሩ ሁሉ እዚያ ቤት ተሰበሰበ። የፊልሙን ነገር ብዙም አላስታውስም። የማስታውሰው እናቴ ዓይኔን በነጠላዋ መሸፈኗን፣ ሴቶቹ ማልቀሳቸውን፣ ወንዶቹም ዝም ማለታቸውን ነው። ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ “በቃ፣ ተፈረደባቸው” አለ። ያን ጊዜ ማን እንደፈረደ አልገባኝም ነበር። ዛሬ ግን ይገባኛል። ፊልሙ ነበር የፈረደው።

የምናገረው ለንጉሡ ጥብቅና ለመቆም አይደለም። ረሃቡ እውነት ነበር፤ መደበቁም እውነት ነበር፤ ድግሱም ተደግሶ ነበር። አንዱም ምስል በሐሰት አልተፈበረከም። ታዲያ ክፋቱ ምን ላይ ነው? ክፋቱ እያንዳንዱ ምስል እውነት ሆኖ ሳለ፣ አገጣጣሚው “ይህ የሆነው በዚያ ምክንያት ነው” የሚል ቃል በምስክሩ አፍ ላይ መጨመሩ ነው። ይህንን ቃል ምስክሩ አልተናገረም። የጨመረውን ሰው ደግሞ ማንም ተነስቶ ሊጠይቀው አይችልም ነበር።

የሚገርመው ጥያቄው የሚጠየቅበት ቦታ ተዘጋጅቶ መኖሩ ነው። በ1966 ዓ.ም. የባለሥልጣናቱን ጥፋት፣ የወሎንም ረሃብ ጨምሮ፣ የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያምን የመሳሰሉ ሰዎች አባል የሆኑበት ኮሚሽን ባለሥልጣናቱን እየጠራ፣ መልሳቸውን እየሰማ፣ እየመዘገበ ነበር። አባቶቻችን “ተጠየቅ” ይሉት የነበረው ወግ ማለት ነው። ኮሚሽኑ ሥራውን ሳይጨርስ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ስልሳ ያህል ሰዎች፣ አብዛኞቹ የቀድሞው መንግሥት ባለሥልጣናት፣ ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ስክሪኑ አስቀድሞ ፈርዷልና ችሎት ማን ይጠብቃል?

ከዚያስ? ከአሥር ዓመት በኋላ በመስከረም 1977 ዓ.ም. ያው ደርግ አሥረኛ ዓመቱን በከፍተኛ ወጪ ሲያከብር ሰሜኑ ዳግም በረሃብ እያለቀ ነበር። ይህንንም ለዓለም የነገረው የውጭ ካሜራ ሆነ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል ቡርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ከኮረም ያቀረቡት ዘገባ ዓለምን አናወጠ። ንጉሡን በፊልም የከሰሰው መንግሥት ራሱ በፊልም ተከሰሰ። ይህንኛውን ዘገባ ግን በበዓል ምሽት ለሕዝብ አላሳየንም። ምስክርን ሲጠቅም ማቅረብ፣ ሲጎዳ መደበቅ በዚህች አገር የቆየ በሽታ ነው።

ቡናችንና ክርክሩ

ከምሳ በኋላ የታየው “ጥቁር ወርቅ” እ.ኤ.አ. በ2006 ለዕይታ የበቃ ነው። ፊልሙ የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን ሥራ አስኪያጅ የነበሩትን አቶ ታደሰ መስቀላን ይከተላል። ሰውየው ለገበሬው የተሻለ ዋጋ ፍለጋ ከአገር አገር ይዞራሉ። በወዲህ በኩል ቡና አምራቹ ገበሬ ልጁን ማብላት ሲያቅተው፣ በወዲያ በኩል ደግሞ በአውሮፓና በአሜሪካ ካፌዎች አንዱ ሲኒ ስንት እንደሚሸጥ እናያለን።

ይህም ፊልም ወገንተኛ ነው። ከማን ጋር እንደቆመ አይደብቅም። ስታርባክስም ፊልሙ የእኔን ጥረት አላሳየም ብሎ ቅሬታውን በአደባባይ አሰምቶ ነበር። ይሁንና ፊልሙ የወጣበትን ጊዜ ልብ ይሏል። የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት በ1997 ዓ.ም. የይርጋጨፌ፣ የሲዳሞና የሐረር ቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡለት አመልክቶ ነበር። የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃወመ። ክርክሩ ተጋጋለ፤ እነ ኦክስፋም ገቡበት፤ ፊልሙም በየከተማው እየታየ ለክርክሩ ነዳጅ ሆነ። በመጨረሻ በሰኔ 1999 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ስታርባክስ በስሞቹ ላይ የኢትዮጵያን ባለቤትነት መሠረት ያደረገ ስምምነት ተፈራረሙ።

ስምምነቱ ለገበሬው ኪስ ምን አስገባ የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ስለሆነ ለሌላ ጊዜ ይቆየን። እኔን የሳበኝ የነገሩ አካሄድ ነው። ፊልሙ ከሰሰ፤ የተከሰሰው መልስ ሰጠ፤ ማስረጃ በሰነድ ቀረበ፤ ውሳኔው ደግሞ በሌላ ጠረጴዛ ላይ፣ በሕግ ባለሙያዎች ድርድር ተገኘ። ማንም በፊልም ብቻ አልተፈረደበትም። ዘጋቢ ፊልም በአግባቡ ሲሠራ እንዲህ ነው። ጉዳዩን ወደ አደባባይ ያወጣል፤ ብይኑን ግን ለራሱ አያደርግም።

እኔም ፈርጄ ነበር

ከሁለተኛው ፊልም በኋላ የሻይ ዕረፍት ነበር። አንድ ፊልም የሚማር ወጣት፣ የሕግ ሰው መሆኔን ሲሰማ፣ “ጋሼ፣ እናንተ ጠበቆች ፊልም እንደ ማስረጃ ይቀርብላችኋል አይደል? ታምኑታላችሁ?” ሲል ጠየቀኝ። አንድ ሁለት ነገር ስለ ማስረጃ ሕግ ነግሬው ተለያየን። እውነተኛውን መልስ ግን አልሰጠሁትም። እዚህ ልስጠው።

ከዓመታት በፊት አንዲት ሽማግሌ እናት ቢሮዬ መጡ። ልጃቸው በከባድ ወንጀል ተጠርጥሮ ታስሯል። ስሙን ሲነግሩኝ ወዲያው አስታወስኩት። ከሳምንት በፊት በቴሌቪዥን “ዘጋቢ ፊልም” ተብሎ በቀረበ ፕሮግራም ላይ አይቼዋለሁ። አንገቱን ደፍቶ “አዎ፣ ገንዘቡን ተቀብያለሁ” ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከበስተጀርባው የሚያስፈራ ሙዚቃ ነበር። የተራኪው ድምፅም ጎርናና ነበር። ለእናትየው “እማማ፣ አሁን ብዙ ጉዳይ ተደራርቦብኛል፤ ሌላ ጠበቃ ይፈልጉ” አልኳቸው። ጉዳይ አልተደራረበብኝም ነበር። ልጃቸውን ጥፋተኛ ብዬ ፈርጄበት ስለነበር ነው።

ጉዳዩን የያዘው ሌላ ባልደረባዬ ኋላ ላይ የነገረኝን ልንገራችሁ። ሰውየው በምርመራ የተጠየቀው ብዙ ጥያቄ ነው። ስለ ገንዘቡ ሲጠየቅ የሰጠው ሙሉ መልስ “አዎ፣ ገንዘቡን ተቀብያለሁ፤ ወንድሜ ለእናታችን ሕክምና የላከው ነው” የሚል ነበር። ፊልሙ ላይ የቀረው የመጀመሪያው ግማሽ ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ከታሰረ በኋላ ፍርድ ቤቱ መከላከል ሳያስፈልገው በነጻ አሰናበተው። ነጻ መውጣቱን የሚናገር ዘጋቢ ፊልም ግን አላየሁም።

እናትየውን አንድ ቀን ገበያ ላይ አገኘኋቸው። አንገቴን ደፍቼ ላልፍ ስል እሳቸው ቀድመው ሰላም አሉኝ። “ልጄ፣ ያኔ ገንዘቤን ሳትበላ መልሰኸኛልና ተባረክ” አሉኝ። ከዚያ ምርቃት የበለጠ የከበደኝ እርግማን የለም።

ሕግ ተምሬ፣ ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብትን በቃሌ የማውቅ ሰው፣ በጥቂት ሰከንድ ምስል ተሸነፍኩ። እኔ እንዲህ ከሆንኩ፣ ሳሎኑ ቁጭ ብሎ እራቱን እየበላ የሚመለከተው ሰው ምን ያድርግ?

ይህ የእኔ ገጠመኝ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጋዜጣ ላይ ባላወጣሁት። በኅዳር 2004 ዓ.ም. “አኬልዳማ”፣ በጥር 2005 ዓ.ም. ደግሞ “ጂሃዳዊ ሐረካት” የተባሉት ፊልሞች በመንግሥት ቴሌቪዥን ሲተላለፉ፣ በፊልሞቹ ላይ የተወነጀሉት ሰዎች ጉዳይ ገና በፍርድ ቤት እጅ ነበር። ያን ጊዜ ብዙዎቻችን፣ በተለይ የሕግ ባለሙያዎች፣ አቤት ብለናል፤ ትክክልም ነበርን። በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ደግሞ ተራው ተገለበጠ። “የፍትሕ ሰቆቃ” የተባለው ፊልም በእስር ቤት የተፈጸመውን ግፍ የተጎጂዎችን ቃል ይዞ ቀረበ። የተጎጂዎቹ ቃል የሚያስለቅስ ነበር፤ መሰማትም ነበረበት። ነገር ግን ያን ሰሞን የተያዙት ተጠርጣሪዎችም ገና አልተፈረደባቸውም ነበር። በ2004 አቤት ያልነው ስንቶቻችን በ2011 አቤት አልን? እኔ ዝም ብያለሁ። ፊልሙ የሚከሰው የማልወዳቸውን ሰዎች ነበርና።

ዋናው ችግር እዚህ ላይ ነው። ዘጋቢ ፊልምን የምንመዝነው በማስረጃው ጥንካሬ ሳይሆን በተከሳሹ ማንነት ነው። የእኛ ሰው ሲከሰስበት “ድራማ ነው” እንላለን። የማንወደው ሲከሰስበት ደግሞ “ይኸው በዓይናችን አየን” እንላለን። ያንኑ ፊልም፣ ያንኑ አሠራር!

“አላውቅም” ማለት የሚችል ምስክር

ምሽት ላይ የታየው “ሳሊን ፍለጋ” እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ነው። አዘጋጇ ካናዳ ያደገች ስትሆን፣ ሰላማዊት ወይም ሳሊ የምትባል አክስት እንደነበረቻት የሰማችው ካደገች በኋላ ነው። ሳሊ የዲፕሎማት ልጅ ነበረች። ወደ አገሯ ተመልሳ ኢሕአፓን ተቀላቀለች፤ ከዚያም ጠፋች። ቤተሰቡ ለብዙ ዓመታት ስለ እሷ አላወራም።

አዳራሹ ውስጥ በዕድሜ የምንቀራረብ ጥቂት ሰዎች ነበርን። በየቤታችን እንዲህ ስማቸው የማይነሳ ሰዎች አሉ። ፎቶግራፋቸው ከግድግዳ ወርዶ ሣጥን ውስጥ ነው። ስለዚህ ፊልሙ ሲያልቅ መብራቱ ቶሎ እንዲበራ አልፈለግንም።

ይህን ፊልም ከጠዋቱ ጋር ሳስተያየው የገባኝ ነገር አለ። አዘጋጇ እህቶችን ትጠይቃለች፣ የዘመኑን ሰዎች ትጠይቃለች፤ ትዝታቸው በማይገጥምበት ቦታ አለመግጠሙን አትደብቅም። ያላወቀችውን አውቃለሁ አትልም። ችሎት ላይ ረጅም ጊዜ የቆመ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሁሉን አውቃለሁ የሚል ምስክር ያሰጋል። “ይህን አይቻለሁ፣ ያንን ግን አላየሁም” የሚለው ነው የሚታመነው። የሚያስፈራ ሙዚቃና ጎርናና ድምፅ የሚያስፈልገው አብዛኛውን ጊዜ ማስረጃው ሲሳሳ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ይህን ስል “ፊልም ይታገድ” የሚል ካለ አልተግባባንም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን የከለከለው በከንቱ አይደለም። የወሎን ረሃብ የደበቀው መንግሥት ነው፤ የገለጠው ካሜራ ነው። ካሜራውን መስበር መፍትሔ አይሆንም። የምለው ሌላ ነው።

አንደኛ፣ በነጻ የፊልም ባለሙያና እስረኛውን በእጁ በያዘ መንግሥት መካከል ልዩነት አለ። ባለሙያው ሄዶ ይጠይቃል፤ ሰውየው ካልፈለገ በሩን ይዘጋል። እስረኛ ግን የሚዘጋው በር የለውም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 3 ተከሳሽ በሕግ ጥፋተኛ እስኪባል ንጹሕ ሆኖ እንዲገመትና በራሱ ላይ እንዳይመሰክር መብት ይሰጠዋል። ጉዳዩ ገና ሳይወሰን በእስር ላይ ያለ ሰው ቃል በፊልም እንዳይተላለፍ ግልጽ ክልከላ ሊኖር ይገባል። ማን ሥልጣን ላይ ይኑር፣ ማን ይታሰር፣ ለሁሉም እኩል መሥራት አለበት።

ሁለተኛ፣ እንዲህ ያለ ፊልም ከተላለፈ፣ ተከሳሹና ጠበቃው ያልተቆረጠውን ሙሉ ቅጂ የማግኘት መብት ይኑራቸው። “ገንዘቡን ተቀብያለሁ” ከሚለው ቀጥሎ ምን እንደተባለ የማወቅ መብት ማለት ነው። ነጻ የወጣውም ሰው ስሙ በተነሳበት ሰዓትና ጣቢያ ነጻ መውጣቱ ይነገርለት።

ሦስተኛ፣ ለፊልም ባለሙያዎቻችን። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የማንም ሰው ምስል ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ እንዳይታይ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ደግሞ የሕዝብን ጥቅም ለሚመለከቱ ጉዳዮችና በአደባባይ ለተፈጸሙ ነገሮች በሩን ይከፍታል። ስለዚህ ረሃብን ወይም ግፍን ስትቀርጹ ሕጉ ላያግዳችሁ ይችላል። ይሁንና ሕግ ባያግድም ይሉኝታ አለ። ጠዋት ባየሁት ፊልም ውስጥ የነበሩት ፊቶች ስም የላቸውም። ከመካከላቸው በሕይወት የተረፈ ካለ፣ ፊቱ መንግሥት እንደገለበጠ ያውቅ ይሆን? የሠራችሁትን ፊልም ወደ ቀረጻችሁበት ቀበሌ መልሳችሁ አሳዩ። የተቀረጸው ሰው “ይህን አላልኩም” የሚልበት ዕድል ይኑረው። ከመስቀለኛ ጥያቄ ሁሉ ትልቁ እሱ ነው።

የቀረው የእኛ የተመልካቾች ድርሻ ነው። ፊልም ማየት የጀመርነው ዛሬ አይደለም፤ መጠየቅ ግን ገና አልጀመርንም። በሚቀጥለው ጊዜ “ዘጋቢ ፊልም” የሚል ጽሑፍ በቴሌቪዥናችሁ ላይ ስታዩ፣ በተለይ የሚከሰው የማትወዱትን ሰው ከሆነ፣ አንድ ጊዜ ቆም በሉና ቀጥሎ ምን ተቆርጦ ይሆን ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ይህን ጥያቄ በጊዜው ባለመጠየቄ አንዲት እናትን ከበሬ መልሻለሁ።

ቸር እንሰንብት።